የጥበበኛው ቅል

አንድ ቀን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የዝግባ በር አጥቢያ ዳኛ ግራዝማች ውብነህ ሕዝቡን ዋርካው ሥር ሰብስበው ሕግ አወጡ። ሕጉም «ከእንግዲህ በዚህ አገር ነውረኛ ቃል አይነገርም» የሚል ነበር።

ግራዝማች ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ አማኻቸው እንዳልባል። ብቻ ከተማ ሁለት ዓመት ከርመው ሲመለሱ ጨዋነት በዝቶባቸው መጡ። የማያውቁት ነገር የለም፤ የማያርሙት ሰውም የለም። «ሞተ» ያለውን «ዐረፈ በል!» ይሉታል። «ቂጤን አመመኝ» ያለችን አሮጊት «መቀመጫዬን በይ፣ እናቴ!» ብለው ከነሕመሟ አቁመው ያርሟታል። አህያን እንኳ በስሟ አይጠሯትም። አንድ ክረምት የራሳቸው አህያ ጠፍታባቸው «ጆሮዋ ረዘም ያለ፣ ጠባየ ሸጋ እንስሳ ጠፍታብናለችና ያገኘ ያምጣ» ብለው ቢያስለፍፉ፣ አንዱ ጫካ ለጫካ ሮጦ ጥንቸል ይዞላቸው መጣ። አህያዋን እስከዚያው ጅብ ጨረሳት።

ታዲያ ያን እሑድ ግራዝማች ያነሡት ቃል ብረት ሠሪውን ጓንጉልን የሚመለከት ነበር። ጓንጉል የአገሩን ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ ሁሉ የሚሠራ ሰው ነው። እሱ ወናፉን ባይነፋ ዝግባ በር አያርስም፣ አያጭድም፣ እንጨትም አይፈልጥም። አገሩ ግን «ቀጥቃጭ» ነው የሚለው። ሌላም የሚሉት ቃል አለ፤ እሱን እኔም ብሆን አልደግመውም። ሰው ማረሻውን አሠርቶ፣ አመስግኖ ይሄዳል እንጂ ከጓንጉል ቤት እህል ውኃ አይቀምስም። ብረት ሠሪዎች በዓይናቸው ሰው ይበላሉ ይባላላ!

ግራዝማች ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እንዲህ አሉ፤

«ስሙ! ሰው የሚቆሽሸው ከአፉ በሚወጣው ነው። በሌላ በምንም አይቆሽሽም! ስለዚህ ይህ ሰው ከዛሬ ጀምሮ አቶ ጓንጉል ይባላል። ሙያውም የእጅ ጥበብ ነው። ያንን የድሮ መጠሪያውን ሲናገር የተገኘ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ሰው እያየው ይቅርታ ይጠይቃል።»

«ይበል፣ ይበል!» አለ ሕዝቡ። ግራዝማችም ንግግራቸው በጣም ስለጣማቸው «በሌላ በምንም!» ብለው ደገሙት።

ጓንጉል ያን ቀን ደስ አለው። ለምን አይለው? ልጁ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ስንት ጊዜ እያለቀሰች ተመልሳለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እንስራዋን ሞልታ እያንጎራጎረች ዳገቱን ትወጣ ጀመር። ሚስቱ ማንጠግቦሽም «ለግራዝማች ዕድሜ ይስጥልን» እያለች መረቀች። ከልቧ ነበር።

ሰንበት ብሎ ግን ግራዝማች የበራቸው ማጠፊያ ተሰብሮ ጓንጉልን አስጠሩት። ሲደርስ ብድግ ብለው «ኖር! ይግቡ፣ አቶ ጓንጉል!» አሉት። አንቱ ሲባል በዕድሜው የመጀመሪያው ስለነበር ጓንጉል ሌላ ሰው የመጣ መስሎት ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ማጠፊያውን ሠርቶ ሲጨርስ ግራዝማች ወደ ጓዳ ተጣሩ።

«ለአቶ ጓንጉል ጠላ ይቅረብ! ያን የጥበበኛውን ቅል አምጡ!»

ገረዲቱ ከአጥሩ ላይ የተሰቀለውን አሮጌ ቅል አውርዳ፣ ከሩቅ ቀድታ ሰጠችው። ጓንጉል ቅሉን ዐወቀው። አባቱም በእሱ ነበር የሚጠጣው። ያን ጊዜ ስሙ «የቀጥቃጩ ቅል» ነበር፤ ቤት አይገባም፣ ከሌላ ዋንጫ ጋርም አይቀመጥም። ጠላውን ጠጣ፣ እግዜር ይስጥልኝ አለ፣ ቅሉም ወደ አጥሩ ተመለሰ።

ቤቱ ሲገባ ማንጠግቦሽ «እንዴት ተቀበሉህ?» አለችው።

«አይ፣ በክብር ነው እንጂ! ስሜን አጥበውልኛል፣» አለ ጓንጉል፣ «ቅሉ ብቻ ነው ሳይታጠብ የቀረው።»

ነገሩ በሁሉም ቤት እንዲሁ ሆነ። ማንጠግቦሽ በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤልን ትዘክራለች። ዳቦ ትደፋለች፣ ጠላ ትጠምቃለች፣ ጎረቤት ትጠራለች። ድሮ ሰው «ከቀጥቃጭ ቤት አንበላም» ብሎ ይቀራል። ከሕጉ ወዲህ ግን የሚቀረው በሥርዓት ሆነ። «ከአቶ ጓንጉል ቤት ብንቀምስ እንዴት ደስ ባለን! ግን ጾም ነን» ይላል አንዱ። «ሐኪም ጠላ ከልክሎኛል» ይላል ሌላው፣ ሐኪም በዓይኑ አይቶ የማያውቀው። ማንጠግቦሽ አንድ ጊዜ ተናዳ «ድሮ እኮ ቢያንስ ባጭሩ ነበር የሚሰድቡን!» አለች። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ጋን ሙሉ ጠላ በየዓመቱ እየሆመጠጠ መድፋት አንጀት ያቃጥላላ።

ከጓንጉል ቤት የሚበላ አንድ ሰው ብቻ ነበር። አያ ደርሶ ይባላል፤ አፉ ወንፊት የሆነ ሽማግሌ ገበሬ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየጊዜው ማረሻውን ይዞ ይመጣል፣ ወናፉ አጠገብ ቁጭ ይላል፣ ከጓንጉል ጋር ባንድ ዋንጫ እየተቀባበሉ ይጠጣሉ፣ እየተቀባበሉም ይሰዳደባሉ።

«አንተ ቀጥቃጭ፣ ባለፈው የሠራህልኝ ማረሻ እኮ ቅቤ አይቆርጥም!»

«አንተ አፈር ገፊ፣ ማረሻው ምን ያድርግ? በሬህ ካንተ ጋር አርጅቶ!»

እንዲህ ሲባባሉ ነው የሚውሉት። ማንጠግቦሽ ከጓዳ እየሰማች ትስቃለች። ሕጉ ሲወጣ ጓንጉል ሽማግሌውን አስጠንቅቆት ነበር። «አያ ደርሶ፣ ከእንግዲህ አፍህን ያዝ፣ ድንጋይ ያሸክሙሃል» ቢለው፣ «እኔን? በስተርጅና? ሂድ ወዲያ!» ብሎ ሳቀበት።

የማይቀረው ቀን መጣ። በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ፣ ቅዳሜ ገበያ፣ ሰው እንደ ጤፍ በፈሰሰበት፣ አያ ደርሶ ከእህል ተራው ማዶ ሆኖ ጓንጉልን አየው።

«አንተ ቀጥቃጭ!» ብሎ ጮኸ። «ማረሻዬን ጨረስክልኝ ወይስ በጥርሴ ልረስ?»

ገበያተኛው ሁሉ ወደ አያ ደርሶ ጀርባ አየ። ለካ ግራዝማች በበቅሏቸው ላይ ሆነው ከኋላው ቆመዋል!

ግራዝማች ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። ሕጉ ከወጣ ጀምሮ አንድም ሰው ተይዞላቸው አያውቅማ። «ነገ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዋርካው ሥር!» ብለው በቅሏቸውን ኮለኮሉ።

አያ ደርሶ ውሎ አላደረም፤ ገበያውንም ሳይገበያይ ተመለሰ። ማታውኑ ጀንበር ሳትጠልቅ ጓንጉል ቤት መጥቶ ወናፉ አጠገብ ቁጭ አለ። ዋንጫ ቢሰጡት እምቢ አለ።

«ሰባ ዓመቴ ነው» አለ። «ሰው ፊት አንገቴን ደፍቼ አላውቅም። ከነገ ወዲያ ልጆቼ እንዴት ብለው ገበያ ይወጣሉ? ከምሸከም አገር ለቅቄ እሄዳለሁ።» ከዚያ ቀና ብሎ ጓንጉልን አየው። «ነገ ይጠይቁሃል። አልተሰደብኩም በልልኝ። አንተ አልተሰደብኩም ካልክ ምን ያደርጉኛል?»

ጓንጉል ወናፉን እየነካካ ያሰላስል ጀመር። አልተሰደብኩም ቢል ወዳጁ ይድናል። ሕጉ ግን እዚያው ይፈርሳል፤ ከነገ ጀምሮ ወንዝ ዳር ያሉት ሁሉ ያንኑ ቃል በልጁ ላይ ይመልሱታል። ተሰድቤአለሁ ቢል ደግሞ ከቤቱ የሚበላውን አንዱን ሰው ራሱ አባረረው ማለት ነው። ይህን ሲያወጣና ሲያወርድ ማንጠግቦሽ ከጓዳ ብቅ አለች።

«ጋኑ ሞልቷል» አለች በብስጭት። «ዳቦውም ተቦክቷል። ነገ ሚካኤል ነው። ማን እንዲጠጣው ነው እንደ ሞኝ በየዓመቱ የምጠምቀው?»

ጓንጉል ጋኑን አየ። አያ ደርሶን አየ። ከዚያ ፈገግ አለ።

«አንቺ ብቻ ጠላውን አጣሪው» አላት።

በማግሥቱ ዋርካው ሥር የማይገኝ ሰው አልነበረም። ግራዝማች ከመሐል ተቀምጠዋል፣ የደብሩ ቄስ መምሬ ቸኮል ከጎናቸው አሉ፣ አያ ደርሶ ባርኔጣውን በእጁ ጨብጦ ቆሟል። ከእግሩ ሥር ድንጋይ ተቀምጧል፤ ግራዝማች ማለዳ ራሳቸው መርጠው ያስመጡት ነው።

«አቶ ደርሶ፣ ያንን ቃል ተናግረዋል?» አሉ ግራዝማች።

«የቱን ቃል?»

«ያንን ነዋ!»

«እንዴ፣ ካልነገሩኝ በምን ዐውቃለሁ?»

ሕዝቡ ሳቀ። ግራዝማች ቀላ አሉና ወደ ጓንጉል ዞሩ።

«አቶ ጓንጉል! ትናንት በገበያ መሐል ተሰድበዋል ወይስ አልተሰደቡም?»

አያ ደርሶ ዓይኑን በጓንጉል ላይ ተከለ። ጓንጉል እጅ ነሣና፤

«ተሰድቤአለሁ» አለ።

«ኧረ ምነው ሸዋ!» አለ አያ ደርሶ። «አንተ… ሠላሳ ዓመት! ሠላሳ ዓመት ሙሉ!»

«በቃ፣ ተፈረደ!» አሉ ግራዝማች በደስታ። «ይሸከምና እዚሁ ይቅርታ ይጠይቅ።»

«ግራዝማች፣» አለ ጓንጉል ቀስ ብሎ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔ የእጅ ሥራ እንጂ ወግ አላውቅም። እርስዎ ግን የማያውቁት የለም። ይቅርታ ሲጠየቅ የአገሩ ወግ እንዴት ነው? እስቲ ለሕዝቡም ለእኔም ያስረዱን፣ ነገሩ ሳይጎድል እንዲፈጸም።»

ግራዝማችን አስረዱ ካሏቸው መቼም አያርፉም። ከመቀመጫቸው ተነሡ፣ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ።

«መልካም ጥያቄ! ሁሉም ይስማ! አንደኛ፣ በደለኛ የተበዳይን ደጅ ይጠናል እንጂ ተበዳይ ወደ በደለኛ አይጠራም። ስለዚህ ድንጋዩን ተሸክሞ እስከ ተበዳይ ቤት ይሄዳል።»

«እስከ ቤቴ ድረስ?» አለ ጓንጉል፣ እንደ ደነቀው ሰው።

«እስከ ቤትዎ! ደግሞ ብቻውን አይሄድም። የአገር ሽማግሎች ይከተሉታል። ከሽማግሎቹም በማዕረግ የሚበልጠው ይቀድማል፤ ማለት እኔ እቀድማለሁ። ከደጅ ሲደርሱ ተበዳዩ በገዛ እጁ ድንጋዩን ያወርድለታል። ከዚያ ይሳሳማሉ። ከዚያም ሁሉም ቤት ገብተው፣ ሽማግሎቹም ጭምር፣ ካንድ ገበታ ይቆርሳሉ፣ ካንድ ዋንጫ…»

ግራዝማች ቀጥ አሉ።

«ካንድ ዋንጫ?» አለ ጓንጉል።

ግራዝማች ወደ ሰማይ አዩ፣ ወደ ድንጋዩ አዩ። ከሰው መሐል አንዱ መሳቅ ጀመረ።

«ይጨርሱልን እንጂ፣ ግራዝማች» አሉ መምሬ ቸኮል፣ ጢማቸው ውስጥ እየሳቁ። «ካንድ ዋንጫ ይጠጣሉ ነው። ያልተበላበት፣ ያልተጠጣበት ዕርቅ ምን ዕርቅ ነው!»

«እውነት ነው! ወጉ እንዲያ ነው!» አለ ሕዝቡ። አብዛኛው ሰው ግን ቀጥሎ ከዋንጫው የሚጠጣው እሱ መሆኑን ገና አላሰበበትም።

ሰልፉ ተጀመረ። ግራዝማች ከፊት፣ መምሬ ቸኮል ከጎናቸው፣ ሽማግሎቹ ከኋላ፣ አያ ደርሶ ከመሐል ድንጋዩን ተሸክሞ። ጓንጉል ጠጋ ብሎ ከታች ደገፍ አደረገለት።

«ምን ልታደርገኝ ነው አንተ ቀ…» አለ አያ ደርሶ በሹክሹክታ።

«ዝም በል፣ አንተ አፈር ገፊ! ሁለተኛ ድንጋይ ልትሸከም ነው?» አለው ጓንጉል። ያን ጊዜ ሽማግሌው ነገሩ ገባው። ከዚያ በኋላ ድንጋዩን ተሸክሞ ሳይሆን ሙሽራ አጅቦ የሚሄድ መሰለ።

ማንጠግቦሽ ከደጅ ቆማ ሰልፉን ስታይ መጀመሪያ ቤቷን ሊያቃጥሉ የመጡ መሰላት። ነገሩን ስትሰማ ቶሎ ብላ ቄጠማ ጎዝጉዛ፣ ዳቦውን አቀረበች። ጓንጉል ድንጋዩን አውርዶ ከደጁ አኖረው። ከአያ ደርሶ ጋር ተሳሳሙ፤ ሁለቱም ዓይናቸውን ጠረጉ። መምሬ ቸኮል ዳቦውን ባርከው ቆረሱ፣ እሳቸውም በሉ። ከዚያ ዋንጫው መጣ። አንድ ዋንጫ።

አያ ደርሶ ጠጣ። ጓንጉል ጠጣ። ከዚያም ዋንጫውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ለግራዝማች አቀረበ።

ማንጠግቦሽ ምሰሶውን ይዛ ቆማለች። ሽማግሎቹ ሁሉ የሚያዩት ግራዝማችን ነው፤ እሳቸው ከጠጡ ይጠጣሉ፣ ከመለሱ ይመልሳሉ።

«ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ዛሬ ጾም ነኝ» አሉ ግራዝማች።

«በእሑድ?» አሉ መምሬ ቸኮል።

«ማለቴ… ትንሽ ውስጤን… እንዴት ብዬ ልግለጸው…»

«ሆዴን ይበሉት፣ ግራዝማች!» አለ አያ ደርሶ። «እኛ አንሰደብም!»

ግራዝማች ላብ አጠመቃቸው። ዋንጫውን አዩት እንጂ እጃቸውን አልዘረጉም። ጓንጉል ግን አልተቆጣም፤ ድምፁንም አላነሣም።

«ግራዝማች፣» አለ፣ «ሰው የሚቆሽሸው ከአፉ በሚወጣው ነው፣ በሌላ በምንም አይቆሽሽም ያሉን እርስዎ ነዎት። እኛም አምነን ስንጠነቀቅ ከረምን። ይኼ እኮ የሚወጣ አይደለም፤ የሚገባ ነው። ይጠጡ።»

ምን ይበሉ? የገዛ ቃላቸው ነው፤ ሁለት ጊዜ ደጋግመው ያሉት። ግራዝማች ዓይናቸውን ጨፍነው ዋንጫውን አነሡና አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉ። ዓይናቸውን ገለጡ። ደግመው ጎንጨት አሉ። ማንጠግቦሽ የሚመጣላት አጣጪ አጥታ እንጂ እንደሷ ጠላ የሚጠምቅ በአገሩ አልነበረምና፣ ሦስተኛው ላይ ዋንጫውን ገልብጠው አስቀመጡት። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ሽማግሎቹ «ለኔ! ለኔ!» እያሉ ዋንጫውን ይሻሙ ጀመር፤ ጾመኛውም፣ ሐኪም የከለከለውም።

ግራዝማች ጢማቸው አረፋ ለብሶ፣ ጉልበታቸውን በጥፊ እየመቱ ሳቁ። ሲስቁ ሲስቁም፣

«አይ አንተ ቀጥቃጭ! ጉድ ሠራኸኝ እኮ!» አሉ።

እልልታው ቆመ። ግራዝማች አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

ጓንጉል ቀስ ብሎ ተነሣ። ወደ ደጅ ወጥቶ ያንን ድንጋይ ተሸክሞ ገባና ከግራዝማች እግር ሥር በክብር አስቀመጠው።

«ለመጪው እሑድ እንጠብቅዎታለን፣ ግራዝማች» አለ። «ሽማግሌውም አይጠፋም፤ ጠላውም ይደርሳል።»